ለእናቴ የተላከ ሳቅ

ለቅሶ ሊደርሱኝ የሚመጡ ሰዎች ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ፎቶግራፍ እያዩ፣ «አባትሽ ናቸው?» ይሉኛል። ያረፈው ባሌ ነው እላለሁ። ፎቶውን ሲነሣ ሠላሳ ዓመት እንኳ አልሞላውም ነበር። ቀረብ ብለው አፉን ደግመው ያያሉ። ጥርስ የሌለው ሙሽራ አይተው አያውቁማ! ለእያንዳንዱ ማስረዳት ስለደከመኝ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እጽፋለሁ። እንባ ሲመጣ አቆማለሁ፤ ሳቅ ሲመጣም አቆማለሁ። ለዚህ ነው የማይገፋልኝ።

ነገሌ የመጣሁት ከወንድሜ ጋር ነው፤ እሱ ለመንግሥት ሥራ ተመድቦ፣ እኔ ቤት ልይዝለት። እዚያው አንድ የፍርድ ቤት ጸሐፊ አገባሁ። እናቴ መንዝ ሆና ሰርጉ አመለጣት። ወንድሜ ኋላ አገር ቤት ደርሶ ሲመለስ መልእክቷን አደረሰን።

«ፎቶግራፍ ተነሥቶ ይላክልኝ ብላለች። ግን እየሳቀ። አፉን ዘግቶ የሚነሣ ሰው የሚደብቀው አለ፤ ጥርሱን ሳላይ አልመርቅም ብላለች።»

«በቅሎ የምትገዛ መሰላት እንዴ?» አለ ባሌ፣ አፉን በእጁ ከድኖ።

ችግሩ እዚያ ላይ ነበር። ባሌ ያደገው ስምጥ ሸለቆ ውስጥ፣ ከሐይቅ ዳር ነው። የዚያ አገር የጉድጓድ ውኃ የልጆችን ጥርስ ያበልዛል፤ የእሱም እንደ ዛገ ቆርቆሮ ነበር። ሳቁ ሲመጣ ቀኝ እጁ ቀድሞ ወደ አፉ ይሮጣል። ከተጋባን ጀምሮ ሳቁን በጆሮዬ ሰማሁ እንጂ በዓይኔ አላየሁም። እኔ የእናቴን ምርቃት እፈልጋለሁ፤ ያለ እሱ ትዳሬ ጣሪያ እንዳልተከደነ ቤት ይሰማኝ ነበር። እሱ ደግሞ ጥርሱን ለአማቱ ከሚያሳይ ተከሶ ቢቆም ይመርጣል።

ሲያስብ ሰንብቶ፣ «አነጣዋለሁ» አለ።

በጨውና በሎሚ ጀመረ። አሸት አሸት አድርጎ ሲጨርስ ጥርሱ እንደበለዘ ቀረ፤ ብቻ ቀዝቃዛ ውኃ በነካው ቁጥር እንደ ፍየል ግልገል ይዘል ጀመር። ጎረቤታችን አሥር አለቃ ይህን አይቶ አዘነለት። ነገሌ የጦር ሠፈር ናት፤ መወልወል የማያውቅ ሰው የለም።

«ጸሐፊው፣ ይቺ የነሐስ መወልወያ የቀበቶዬን ዘለበት ፀሐይ ታስመስለዋለች። ጥርስ ከነሐስ ይበልጣል?»

«ነሐስ ምራቁን አይውጥም» አልኩና ቆርቆሮዋን ከባሌ እጅ ነጥቄ ሽንት ቤት ጣልኳት። አሥር አለቃው ብዙ ጊዜ አኮረፈኝ።

ወንድሜም መላ አላጣም። «ክብረ መንግሥት ውሰጂውና ሁሉንም ወርቅ አስለብሺው። የኩራዝ ጋዝ ይተርፍላችኋል።»

በግድ ጤና ጣቢያ ወሰድኩት። ድሬሰሩ አፉን አስከፍቶ አየና ሎሚውን ሲሰማ ተቆጣ። «ይኼ እኮ እድፍ አይደለም፤ ከጥርሱ ጋር አብሮ የበቀለ ነው። በመፋቂያ ቀስ እያልክ አጽዳ፣ ምግብ ስትበላ ተጉመጥመጥ። ሎሚና ጨው አያነጡትም፤ ይጨርሱታል።»

ባሌ ከበሩ ሳይርቅ፣ «ይኼን ለመስማት ነው የተሰለፍኩት?» አለኝ። ቢሆንም ሎሚውን ተወ፤ መፋቂያም ያዘ።

ነገሩ በዚህ ባበቃ ነበር። ግን ወተት የምታመጣልን የቦረና ሴት አንድ ጠዋት «አካም? ናጋ?» እያለች ስትገባ ባሌን ግቢ ውስጥ መስተዋት ላይ አፉን ከፍቶ አገኘችው።

«ምን ሆነ ይኼ ሰው?»

«ጥርሱን ሊያነጣ» አልኳት።

ሳቀች። እኔ በልጅነቴ እንደ አገራችን ሴቶች ድዴን ተነቅሻለሁ፤ ድዴ ጠቁሮ ጥርሴ ወተት ይመስላል። ወደ እኔ ጠቆመችና፣ «እሷ ጥርስ የነጣ ድድ ጥቁር ስለሆነ ነው» አለችው። የወተት ዕቃዋን ክዳን አነሣች። ውስጡ በጭስ ታጥኖ ጠቁሯል። «ወተት እዚህ ውስጥ ነጭ ነው። ነጭ ዕቃ ውስጥ ብትጨምር፣ ወተት ብቻ ነው።»

ባሌ መስተዋቱን አስቀመጠ። ዓይኑ ሲበራ ፈራሁ።

«ንቀሺኝ!»

«አብደሃል? ወንድ ድዱን ተነቅሶ ያውቃል? ችሎት ምን ሊሉህ ነው?»

«እንግዲያው ለፎቶው ቀን ብቻ እቀባዋለሁ። ይታጠባል።»

ፎቶ አንሺው ወደ ዶሎ በሚወርድ የጭነት መኪና መጥቶ ገበያው ዳር መሣሪያውን ተከለ። መኪናው ጭነት እስኪያራግፍ ነው የሚቆየው ተባለ። ባሌ የኩራዝ ጥላሸት ከቅቤ ጋር ለወሰና በዶሮ ላባ ድዱን ተቀባ። ዓይኔን አላመንኩም፤ ከጥቁሩ አጠገብ ጥርሱ እውነትም ፈካ ብሎ ታየኝ። ነጭ ሸሚዙን ለብሶ፣ አፉን እንደ ታሸገ ጠርሙስ ገጥሞ ወደ ገበያ ሄደ። ያገኘው ሰው ሁሉ ሲጠይቀው በአገጩ ብቻ ሰላምታ ይመልሳል።

ሁለታችንም ቆላ መሆናችንን ረስተን ነበር። ቅቤ ነገሌ ላይ ቅቤ ሆኖ የሚቆየው ጥላ ውስጥ ነው።

ፎቶ አንሺው ባሌን ፀሐይ ፊት አቆመና ጥቁሩ ጨርቅ ውስጥ ገባ። ሲነካካ ቆየ፣ ቆየ። በመጨረሻ ከጨርቁ ውስጥ፣ «ጋሼ፣ እስቲ ፈገግ ይበሉ!» አለ። ባሌ አፉን ከፈተ። ጥርሱ ከዳር እስከ ዳር ጠቁሯል፤ በከንፈሩ ጥግ አንድ ጥቁር መስመር ወደ አገጩ ይወርዳል።

ፎቶ አንሺው ከጨርቁ ብቅ አለ። «ጋሼ፣ ቀለም ጠጡ እንዴ?»

እኔ በሳቅ መቆም አቃተኝ፤ ሆዴን ይዤ ቁጢጥ አልኩ። ባሌ ግራ ገብቶት አገጩን በቀኝ እጁ ጠረገና እጁን አየው። ከሰል። እጁንም እኔንም አየና ሳቁ ፈነዳ። እጁ እንደ ልማዱ ወደ አፉ ተነሣ፤ ግን ጥቁር ነው። ወደ ነጩ ሸሚዝም ማውረድ አይቻልም። እንደ መሐላ አየር ላይ አንጠልጥሎት፣ አንገቱን ወደ ኋላ ጥሎ፣ አፉን በሰፊው ከፍቶ ሳቀ። ሳቁን መጀመሪያ ያየሁት ያን ዕለት ነው። ፎቶ አንሺውም ያንን አነሣው። እዚያው አጥቦ ሰጠን፤ ሌላ ሳያነሣን ሾፌሩ ጠራውና ሄደ።

ፎቶው ላይ በጥርስ ቦታ ያለው ዋሻ ብቻ ነው።

«ይኼማ አይላክም» አለ ባሌ።

«ሌላ የለንም። ሲስቅ አይደል ያለችው?» አልኩና በወንድሜ እጅ ላክሁት።

መልሱ ከአንድ ከረጢት የአጥሚት ዱቄት ጋር መጣ። ወንድሜ ሳቁን እየታገለ የእናቴን ቃል አደረሰ፦ «ሽማግሌ መሆኑን ለምን ደበቃችሁኝ? ጥርስ ባይኖረውም ሳቁ የደግ ሰው ሳቅ ነው። መርቄያለሁ። ልጄ ሆይ፣ ቆሎ እንዳትሰጪው።»

ባሌ አጥሚቱን በየጠዋቱ ጠጣ። እየጠጣም ይስቃል፤ እጁ ግን ከዚያ በኋላ አልተነሣም። «ድሮ የበለዘ ጥርስ ነበረኝ፤ እናትሽ አንድም የለህም ካለችኝ ወዲህ ግን ያሉኝ ይበቁኛል» ይላል።

እናቴ ራሷ የመጣችው ቆይታ ነው፤ ፎቶውንም መልሳ ይዛልን መጣች። ከመኪና ስትወርድ ባሌ እየሳቀ ጉልበቷን ሊስም ጎንበስ አለ። አገጩን ያዘችና አፉ ውስጥ አጮለቀች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ እልል አለች።

«እሰይ! በቀሉለት!»

በቅርቡ ፎቶው እየደበዘዘ ስለሆነ ለአንድ ፎቶ አዳሽ አሳየሁት። «እማማ፣ ጥርሶቹን በቀለም ነጭ አድርጌ ልሥራልዎት?» አለኝ። አይሆንም፣ እንዳለ ተወው አልኩት። የተመረቀው ይኼኛው ነው።