ቆርቆሮው ሲገለበጥ

የበርሜል ቀለም ሲቃጠል የሚሸተውን ታውቀዋለህ? ጉሮሮ ይይዛል፣ ዓይን ያስለቅሳል። በቀደም ከሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ወደ መርካቶ ስወጣ ታክሲያችን ተጨናንቆ ቆመና ያ ሽታ በመስኮቱ ገባ። አጠገቤ የተቀመጠች ልጅ ከቴሌቪዥን አውቃኝ ኖሮ «እስቲ አንድ ቀልድ» ብላ ዞር አለች። ዓይኔ እንባ ሞልቶ ነበር። ጭሱ ነው ብዬ አሳመንኳት።

ያደግሁት እዚያው መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ነው። አባቴ ባዶ በርሜል ቀዶ፣ ቀለሙን በእሳት አቃጥሎ፣ ቆርቆሮውን እየቀጠቀጠ የከሰል ምድጃ ይሠራ ነበር። ጎረምሳ ስሆን እኔም ከፊቱ ተቀምጬ መዶሻ ያዝኩ። እዚያ ሰፈር ወሬ የሚወራው ቆርቆሮው ሲገለበጥ ብቻ ነው። አንዱ ገጽ ሲያልቅ አባቴ «ያዝ!» ይላል፤ ጫፉን እይዝለታለሁ፤ መዶሻው ያርፋል። ቀልደኛነቴን ያወቁት ጎረቤቶቻችንም ያችን ፋታ ጠብቀው መዶሻቸውን ያቆሙልኝ ነበር።

«ምድጃ ልትገዛ የመጣች ሴት፣ ዋጋ ስትከራከር፣ ስትከራከር…» ብዬ ጀምሬ መዶሻው ሲወርድ ዝም እላለሁ። ቆርቆሮው ሲገለበጥ ደግሞ፣ «…ምድጃው ዛገ! እሷ ምን ብትል ጥሩ ነው? ‹ዝጓል እኮ፣ ቀንስ!›»

ተራው በሳቅ ይደበላለቃል። አባቴ ግን አንገቱን እንደደፋ ቆርቆሮውን ይገለብጣል። ልጅ ሳለሁ ሆዱን ይዞ የሚስቅ ሰው ነበር፤ በኋላ ምን እንደነካው አላውቅም፣ ፊቱ ተዘጋ። ከገዢ ጋር እንኳ አይከራከርም። ዋጋውን አንዴ ተናግሮ ወደ ሥራው ነው። «ጋሼ እኮ ንቅንቅ አይሉም!» እያሉ ይከፍሉታል። የቀረውን የምታወራው እናቴ ነበረች፤ ከአጠገቡ አትጠፋም።

ለቴሌቪዥን የቀልድ ውድድር የተጠራሁ ዕለት መዶሻው እስኪያርፍ መታገስ አቃተኝ። ከጀርባው ሆኜ «አባዬ! ቴሌቪዥን ልቀርብ ነው፣ መርቀኝ!» ብዬ ጮህኩ። ዘግየት ብሎ ዞረ፣ አየኝ፣ የቆርቆሮውን ጫፍ ወደ እኔ ገፋ አደረገና «ያዝ!» አለ።

ሌላው አባት ይቆጣል፣ ይሳደባል፤ የእኔው መልስ እንኳ ነፈገኝ። አልያዝኩለትም። የዚያኑ ዕለት ልብሴን ሰብስቤ ዱባይ ተራ ጫማ ከሚሸጥ ጓደኛዬ ዘንድ ገባሁ። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል፤ እኔ ደግሞ ቂም ይዤ ሰው አስቅ ነበር። ውድድሩን አለፍኩ፣ የራሴን ፕሮግራም ሰጡኝ፣ ሰው በመንገድ እየጠቆመ ያሳየኝ ጀመር። ሁሉም ሲስቅልኝ የአንድ ሰው ዝምታ ያንገበግበኝ ነበር።

የመጀመሪያው ፕሮግራሜ የሚተላለፍ እሁድ እናቴ ደወለች። «አባትህ ቴሌቪዥን ገዝቷል። አንተ ሳትመጣ እንዳይከፈት ብሏል» አለችኝ።

ሄድኩ። ቤቱ በጎረቤት ሞልቷል። አባቴ ጉልበቱ ስክሪኑን ሊነካ እስኪደርስ ተጠግቶ ተቀምጧል። እኔ በሩ ጋ ቆምኩ። ስክሪኑ ውስጥ ያለሁት እኔ የምድጃዋን ሴት ጀመርኩ፣ «ስትከራከር፣ ስትከራከር…» ብዬም እንደ ልማዴ ዝም አልኩ።

ያኔ አባቴ ሳቀ። ብቻውን፣ ሆዱን ይዞ፣ የቀልዱ መጨረሻ ሳይነገር። ሰው ሁሉ ዞሮ አየው። የሚያሾፍብኝ መሰለኝ።

«ገና ምን ተናገርኩና ነው የምትስቀው?» አልኩት። አልዞረም።

እናቴ እጅጌዬን ያዘች። «አትጩህበት ልጄ፤ አይሰማህም።»

«እንዴት አይሰማኝም?»

«ጆሮው ከሄደ ቆየ። ገዢ ካወቀ ይጫወትብኛል ብሎ፣ ላንተም ቢሆን እንዳልናገር አስማለኝ።»

ከጀርባው ሆኜ የጮህኩበት ዕለት ፊቴ ድቅን አለ። ምርቃቱን አልነፈገኝም። እንደለመንኩትም አላወቀም ነበር። ሄጄ ፊቱ ቁጭ አልኩ። እንባዬን ሲያይ ሻካራ መዳፉን ራሴ ላይ አሳረፈ።

«ቴሌቪዥኑ ውስጥ ስትቆም አየሁህ» አለኝ፣ ቤቱ እስኪያስተጋባ ጮክ ብሎ። «ቆርቆሮው እስኪገለበጥ የምትቆማት ናት። እዚያ ጋ ሰው ይስቃል። እኔም ሳቅኩ።» መዳፉን ሳያነሳ፣ «ተራ ውስጥማ አንገቴን ደፍቼ መቼ አይቼህ!» አለ።

ዛሬ አባቴ የለም። የፕሮግራማችን ዳይሬክተር «የምድጃዋ ሴት ቀልድ ላይ ዝምታው ረዘመ፣ እንቁረጠው» ትለኛለች። እምቢ እላታለሁ። አሁንም እዚያች ቦታ ስደርስ እቆማለሁ። ሰው መጨረሻውን ሰምቶ ይስቃል፤ ቀድሞ የሚስቅልኝ ግን የለም።