ቀድሞ የተከፈለ ስለት

ምላጩ የቴይቫናይን ጭንቅላት ግማሽ ጨርሶ ወደ ጆሮዋ ሲወርድ፣ አክስቷ ራሳማ ጫማዋን በእጇ አንጠልጥላ በቤተ መቅደሱ ግቢ እየሮጠች ደረሰች።

«እጅህን አንሳ» አለችው ላጪውን።

ላጪው ምላጩን አነሳና ቴይቫናይን አያት። ግማሽ ራሷ እንደ ተላጠ እንቁላል ያበራል። በሌላው በኩል ሽበት የገባበት ፀጉር እስከ ወገቧ ተዘናፍሏል።

«አንተ ሥራህን ቀጥል» አለችው ቴይቫናይ።

«ምኑን ነው የሚቀጥለው? ስለትሽ መቼ ደረሰና ትከፍያለሽ? የልጁ ፍርድ ነገ ነው።»

«አውቃለሁ። ለዚህ እኮ ነው ዛሬ የመጣሁት።»

«አልገባኝም።»

«አክስቴ፣ ሃያ ዓመት ሙሉ "ወንድሜን አውጣልኝና ፀጉሬን እሰጥሃለሁ" ስለው ኖርኩ። እማዬም ስለት ስትሳል ስትሳል ሞተች። ከሱቄ በዱቤ የወሰደ ሰው ዞሮ እንደማያየኝ አውቃለሁ፤ እሱም እኛን እንደዚያ ዱቤኛ ቢያየንስ? አሁን ፀጉሩን በእጁ አስገባለታለሁ። ከዚያ በኋላ እምቢ ካለ የሚያፍረው እሱ ነው።»

ላጪው ሳቀ። ራሳማ ግን ፊቷ አልተፈታም። «ለአምላካችን ለሙሩጋን እንደ ጎመን ነጋዴ ቀብድ ትሰጪዋለሽ?»

«ቀብድ አይደለም፣ ሙሉውን ነው። ደግሞስ ግማሹ ሄዷል። እንዲህ ሆኜ ዳኛ ፊት ልቅረብ?»

ላጪው ጨረሰና ቢጫ የሰንደል እንጨት ዱቄት በውሃ አርሶ ራሷን ቀባት። ራሳማ ጫማዋን እያጠለቀች «እኔ ዓሣ የተውኩት እስኪድን ነው፤ እስኪድን እጠብቃለሁ። ሥርዓት ያለው ሰው እንዲህ ነው» ብላ ሄደች።

ቴይቫናይ ኢፖ ከተማ፣ ቡንቶንግ ሰፈር፣ እዚያው ቤተ መቅደስ በር ላይ የአበባ ጉንጉን ትሠራለች። ለሠርግም ለቀብርም የሚሆነውን እሷ ትጎነጉናለች። ታናሽ ወንድሟን ጉናሴላንን ያሳደገችው አዝላ ነው፤ እናታቸው የጎማ ዛፍ እየበጣች ታድር ስለነበር። ልጁ ሲያድግ ከደጋው ጎመን የሚያመላልስ የጭነት መኪና ሹፌር ሆነ። አንድ ቀን ፖሊስ አስቆመው። ከጎመኑ ሥር ጋንጃ የሚባለው ዕፅ ተገኘ።

አላወቅኩም አለ። ያውቅ ይሁን አያውቅ ቤተሰቡ እስከ ዛሬ አያውቅም። ቴይቫናይ ጠይቃው አታውቅም። ክብደቱ ሕጉ ካስቀመጠው ልክ አልፏል፤ ካለፈ ደግሞ ገመድ ብቻ ነበር። የፈረደበት ዳኛ መነጽሩን አውልቆ ሕጉ ሌላ ቃል አልሰጠኝም አለና መነጽሩን መልሶ አድርጎ ስቅላት ፈረደ።

ከዚያ በኋላ የነበረው ሕይወት አውቶቡስ ነው። አውቶቡስ፣ የእስር ቤት በር፣ መስታወት፣ የስልክ እጀታ። አንድ መምህር ሊያገባት ሽማግሌ ልኮ ነበር። የመምህሩ እናት «የተሰቀለው ሰው እህት?» ብላ ጠየቀች። ጉናሴላን ገና በሕይወት ነበር። ነገሩ እዚያ ላይ ቀረ። እናቷ በሰባተኛው ዓመት ሞተች፤ ልጅየው ወሬውን በስልክ እጀታው ሰማ። አንድ ጊዜ ከጎኑ ክፍል የነበረውን ሰው ለስቅላት ወሰዱትና ጉናሴላን በቀጠሮው ቀን መጥቶ መስታወቱ ፊት ተቀምጦ ምንም ሳይናገር ተመለሰ።

የመጀመሪያው ይግባኝ ሲወድቅ ግን ተናግሮ ነበር። ጠበቃው «ያለቀ ነገር ነው፣ ትወጣለህ» ብሎት ነበርና።

«እትዬ» አላት፣ «ከእንግዲህ ደስ የሚል ነገር ሳይረጋገጥ እንዳትነግሪኝ። ገመዱን እለምደዋለሁ። ተስፋ አድርጎ መውደቁን ግን ሁለተኛ አልችልም።»

ቃሏን ሰጠችው፤ ጠበቀችም።

ባለፈው ዓመት ፓርላማው ሕጉን ለወጠ። ዳኞች ከገመድ ሌላ መምረጥ ቻሉ፤ ስቅላት የሚጠብቁትም እንደገና እንዲያመለክቱ ተፈቀደ። አዲሲቱ ጠበቃ ወይዘሪት ዩን ሱቁ ድረስ መጥታ አስረዳቻት። ዳኞቹ ከፈቀዱ ሠላሳ ዓመት ነው፤ ከተያዘበት ቀን ይቆጠራል፤ ለመልካም ጠባይ ሲሶው ይቀነሳል። ጥቂት ወራት ቢቀሩት ነው።

«ከእስሩ ጋር የሚመጣው ግርፋቱስ?» አለች ቴይቫናይ።

«ሃምሳ ያለፈው አይገረፍም።»

«እዚያው አስረጅተውት ጀርባውን አዳኑለት በይኛ።»

ከተላጨች በማግስቱ ፑትራጃያ ከተማ ፍርድ ቤት ደረሱ። ወይዘሪት ዩን አዳራሹ በር ላይ ቢጫ የተቀባውን ራስ አይታ ቆመች። «ምን ሆነው ነው?»

«ከፈልኩ» አለች ቴይቫናይ። ጠበቃዋ አሟት ይሆን ብላ ጠረጠረች መሰለኝ፣ ወንበር ሳበችላት።

እስረኞቹን አስገቧቸው። ጉናሴላን ዛህሩዲን ከሚባል ሽማግሌ ጋር በካቴና ተቆራኝቶ ነበር። እህቱን ከሕዝቡ መሐል በዓይኑ ፈለገ። ቴይቫናይን አልፏት ሄደ፣ ተመለሰ፣ እንደገና አለፋት። ራሳማን አገኘ። ከራሳማ አጠገብ ያለውን የሚያበራ ራስ አየ። አፉ ተከፈተ።

ከዚያ ፊቱ በራ። ሹፌር ሳለ፣ ደሞዝ ተቀብሎ የተጠበሰ ዶሮ ይዞ ሲመጣ የነበረው ፊት ነው፤ ቴይቫናይ ከዚያ ወዲህ አላየችውም። ዛህሩዲንን በክርኑ ጎሰመው፣ ጆሮው ላይ የሆነ ነገር ነገረው፣ ሽማግሌውም ፈገግ አለ።

ራሳማ ክንዷን ጨመቀቻት። «ወይ ጉዴ። ልጁ ስለቷ ደርሷል ብሎ ነው።»

ቴይቫናይ ያኔ ገባት። በእነሱ ዘንድ ሴት ፀጉሯን የምትላጨው ስለቷ ሲደርስ ነው፤ ሌላ ትርጉም የለውም። ወንድሟ ውሳኔው ለቤተሰቡ አስቀድሞ ተነግሯል ብሎ አምኗል። ለዓመታት አፏን ዘግታ የጠበቀችውን ቃል የተላጨው ራሷ አፈረሰባት።

አይደለም ስትል ራሷን ነቀነቀች። እሱም ወደ ራሷ እየጠቆመ ነቀነቀላት። «ገና ነው» ለማለት እጇን አወዛወዘች። እሱም የታሰሩ እጆቹን አንስቶ ሰላም አላት።

«ተይ፣ ባነቃነቅሽ ቁጥር እየባሰበት ነው» አለች ራሳማ።

ቴይቫናይ የሳሪ ልብሷን ጫፍ ራሷ ላይ ጣል አደረገች። ምን ዋጋ አለው። ዳኞቹ ገቡ።

ዐቃቤ ሕጉ ስለ ኪሎው ረጅም ንግግር አደረገ። ጉናሴላን እየሳቀ አዳመጠ። ወይዘሪት ዩን ስለ ጠባዩ፣ በእስር ቤት ስለተማረው የዳቦ ሙያ ተናገረች። ጉናሴላን አሁንም ይስቃል። መሐል የተቀመጡት ዳኛ ቀና አሉ።

«አመልካቹ ምን ያስቀዋል?»

አስተርጓሚው ወደ ጉናሴላን ዞሮ ጠየቀው።

«ጌታዬ፣ እህቴ ተላጭታለች።»

አስተርጓሚው ራሱም እንደ እነሱ ታሚል ነው። ቴይቫናይን አያት፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ተረጎመ፤ ቀጥሎም ስለት ሲደርስ የሚደረግ ነው ብሎ ከራሱ ጨመረ።

ዳኛው «እኛ ግን ገና አልወሰንንም» አሉ።

ይህም ተተረጎመ። የጉናሴላን ሳቅ ቀስ ብሎ ከፊቱ ወረደ። ዛህሩዲንም የራሱን ፈገግታ ሰበሰበ።

ቴይቫናይ ሳታስበው ተነሳች። «ቀድሜ ነው የከፈልኩት» አለች። «እሱ አልዋሸም። ጥፋቱ የኔ ነው።» ሴት ፖሊስ ትከሻዋን ይዛ አስቀመጠቻት። ጉናሴላን መሬት መሬቱን ያይ ጀመር። ቴይቫናይ ያን አጎንብሶ የተቀመጠ ሰው ታውቀዋለች፤ መስታወቱ ፊት ዝም ብሎ የተመለሰው ነው።

ሦስቱ ዳኞች ራሳቸውን አገጣጥመው ተንሾካሾኩ። ከዚያ መሐለኛው አነበቡ። የሞት ፍርዱ ተነሥቷል። ሠላሳ ዓመት፣ ከተያዘበት ቀን ጀምሮ።

አስተርጓሚው ነገረው። ጉናሴላን ቀና አላለም። አስተርጓሚው ድምፁን ከፍ አድርጎ ደገመለት። ሦስተኛው ላይ ዛህሩዲን ጀርባውን በጡጫ አለው፣ «አንተ፣ ሰውየው ይናገርሃል» እያለ። የዛህሩዲንም ጉዳይ ከእሱ ቀጥሎ ተሰማ፤ ለእሱም ያው ተፈረደለት።

ወይዘሪት ዩን ለምና ኮሪደር ላይ ጥቂት ደቂቃ አስፈቀደችላቸው። መስታወት አልነበረም።

«ሰው ልትገድዪ ነበር እትዬ» አላት።

«አንተ ነሃ ሳታጣራ የምትደሰት።»

«ማን ቀድሞ ይከፍላል ብዬ ላስብ?» ራሷን አየው። «ይህን የሚያህል ጭንቅላት እንዳለሽ አላውቅም ነበር።»

«አንተን ያዘለ ሰው ጭንቅላት ያስፈልገዋል።»

የታሰሩ እጆቹን አንስቶ ሰንደሉን በጣቱ ነካ። ፖሊሱ አየና ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰ።

ራሳማ አልጠበቀቻቸውም። ቴይቫናይና ጠበቃዋ ምግብ ቤት ሲደርሱ አንድ የዓሣ ራስ ጨርሳ ሁለተኛውን ጀምራለች፤ ቅመሙ እስከ ክርኗ ወርዷል። «ተቀመጡ» አለች። «የእኔ ስለት በደንቡ ነው የሚከፈለው።»

ወይዘሪት ዩን ሻይዋን እያማሰለች ዳኞቹ አስቀድመው በልባቸው ወስነው እንደገቡ እንደምትገምት ተናገረች። ቴይቫናይ ይህን ሰምታ «እንግዲያማ ወንድሜ ልክ ነበራ» አለች።

«እምቢ ቢሉስ ኖሮ?» አለቻት ጠበቃዋ።

«ሙሩጋንን ፀጉሬን መልስ ብዬ እከሰው ነበር። አንቺን ነበር የምቀጥረው።»

ጉናሴላን በዚያው ዓመት ነሐሴ ውስጥ ተፈታ። በሚቀጥለው ዓመት ሁለት ልጆች ያሏትን አንዲት ልብስ ሰፊ አገባ።