ሽማግሌ የላከብኝ አንባቢ

ብሎጌን ልዘጋው የወሰንኩት በአንድ አስተያየት ምክንያት ነው። በአንዲት መስመር። የሚስቅ ይሳቅ። ከጎልማሳነት በኋላ ፊደል የቆጠረ ሰው የትኛው ቃል እንደሚያመው የሚያውቀው እሱ ራሱ ብቻ ነው።

ሥራዬ ጥበቃ ነው። ዊንጌት አካባቢ አንድ ፎቅ በር ላይ እቀመጣለሁ። ከዚያ በፊት ተሸክሜያለሁ፣ ቆፍሬያለሁ፣ ደመወዝ ስቀበል አውራ ጣቴን ቀለም ነክሬ ፈርሜያለሁ። ጣቴን ይዞ ወረቀቱ ላይ የሚጫንልኝ ሒሳብ ሠራተኛ ሁልጊዜ እጁን በሶፍት ይጠርግ ነበር። ቀለሙ የነካው እኔን፣ የሚጠርገው እሱ። ይህን አልረሳሁም፤ የመርሳት ሐሳብም የለኝም። ልጄ አንደኛ ክፍል ስትገባ እኔም የማታ ትምህርት ገባሁ። እሷ ወዲያው ጥላኝ ሄደች፤ እኔ እየተንፏቀቅኩ ደረስኩ።

ማንበብ ስችል ያላነበብኩት ነገር የለም። የመድኃኒት ማሸጊያ፣ የባትሪ ጀርባ፣ ሊፍት ውስጥ የተለጠፈ ማስጠንቀቂያ። ለካ ዕቃው ሁሉ ሲያወራ ኖሮ የማልሰማው እኔ ብቻ ነበርኩ! ከዚያ ጥያቄ መጣብኝ። ሊፍት ውስጥ ለምን መስታወት ይደረጋል? ስልክ ሊጠራ ሲል የታክሲው ስፒከር ለምን ቀድሞ ያጉረመርማል? ፎቁ ውስጥ የሚሠሩትን አንድ በአንድ እያስቆምኩ ጠየቅኩ፤ ያልመለሱልኝን ከስልኬ ፈልጌ አነበብኩ። ቤት ገብቼ ደግሞ የገባኝን ሁሉ እነግራቸዋለሁ። ራት ላይ፣ ቁርስ ላይ። በመጨረሻ ልጄ፣ «አባዬ፣ በቃ ጻፈውና ለእኛ ሰላም ስጠን» ብላ ብሎጉን ከፈተችልኝ። ስሜ የለበትም። ግን እዚህ ሰፈር ስም ሳይጻፍም ይታወቃል።

ስለ ሊፍቱ መስታወት ስጽፍ፣ ሰው ራሱን እያየ ሲቆም ጥበቱም መዘግየቱም አይታወቀውም አልኩ። ጠዋት ጠዋት አፋቸውን ከፍተው ጥርሳቸውን የሚፈትሹትንም ጨመርኩበት። አንዷ፣ «ስለ እኔ ነው አይደል የጻፍከው? የትኛው በር ላይ ነው የምትቀመጠው?» ብላ ጻፈችልኝ። ከዚያ ወዲህ የፎቃችን ሰዎች ሊፍት ውስጥ የሚገቡት አፋቸውን ገጥመው ነው። ሰላምታ እንኳ በአንገት ሆነ።

ስለ ስፒከሩ የጻፍኩት የባሰ መጣ። ስልኩ ከመጥራቱ በፊት ከአንቴናው ጋር ሲነጋገር የስፒከሩ ሽቦ ይጠልፈዋል፣ ነገሩ ይኸው ነው ብዬ ነበር። ዊንጌት ታክሲ ውስጥ ገብቼ ስቀመጥ አንድ ወያላ በሩ ላይ እንደተንጠለጠለ ጮኸብኝ።

«ፋዘር! አንተ ነህ አይደል የምትጽፈው? እኔ እኮ ሰይጣን መስሎኝ ጠበል ረጨሁበት!»

«ከዚያስ?»

«ተቃጠለ በቃ! ቀደም ብለህ አትጽፍም ነበር?»

ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። እኔም... ማለቴ፣ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

ለማመስገን የሚጽፉልኝ ግን ያስቸግሩኛል። አንዱ «አባቴ ተባረክ» ሲለኝ፣ «አባትህ አይደለሁም» ብዬ መለስኩለት። ልጄ ራሷን ያዘች።

«አባዬ! እንዲህ ተብሎ አይመለስም!»

«ታዲያ ምን ልበለው?»

«አመሰግናለሁ በለው።»

«ለምኑ?»

ከሁሉም በላይ የተመቸኝ አንድ ተሳዳቢ ነበር። በፊቱ ቦታ ሰማያዊና ነጭ ሚኒባስ ለጥፏል። የቲቪ ሪሞት በጥፊ ሲመታ የሚሠራው ጥፊው ጠግኖት ሳይሆን ባትሪው ከዛገው ቦታ ፈቀቅ ስለሚል ነው ብዬ ስጽፍ፣ «ውሸት። እኔ ቤት ዓመት ሙሉ በጥፊ ሠርቷል። ባትሪ ሻጭ ነህ?» አለኝ። እርጥብ ጣት የስልኩን መስታወት ለምን እንደሚያወዛግበው ስጽፍ ደግሞ፣ «እጁ ሳይደርቅ ስልክ የሚነካ ባለጌ ነው። ስልኩ ልክ ነው» አለ። እኔም ዝም አልልም። እሱ አንድ ሲል እኔ ሁለት እላለሁ። ኋላ ላይ ሰው ጽሑፉን ትቶ ለጭቅጭቃችን ብቻ መምጣት ጀመረ። የሰውዬው ስድብ ሲዘገይ ስልኬን እየከፈትኩ አያለሁ፤ ይህን ለማንም አልተናገርኩም።

ታዲያ ቻርጀር ለምን እንደሚሞቅ የጻፍኩ ዕለት፣ ከሚኒባሱ ሥር ይህ መጣ፦ «አንተ ሰውዬ፣ ፊደል የቆጠርከው ትላንት ነው እንዴ?»

ሌላ ምንም የለም። ስለ ቻርጀሩ አንድ ቃል የለም።

ስልኩን አስቀመጥኩት። ያ በሶፍት የሚጠረግ እጅ ነው የመጣብኝ። ማን ነገረው? ከየት አወቀ? ብሎክ አደረግኩት። ልጄን ጠርቼ፣ «ይህን ነገር ዝጊው» አልኳት፤ እኔ መክፈትም መዝጋትም አላውቅበትም። ለመነችኝ። እንቢ አልኩ። «እሺ፣ እሁድ ዕለት ከምሳ በኋላ እዘጋዋለሁ» አለች፤ እስከዚያ ይበርድለታል ብላ እንደሆነ ገብቶኛል። አልበረደልኝም።

እሁድ ደረሰ። ባለቤቴ በመስኮት ስታይ ቆይታ ድንገት ወደ እኔ ዞረች።

«ሰውዬ፣ ተነስ! ሸሚዝህን ቀይር!»

«ምን ሆንሽ?»

«ሽማግሌ መጣ!»

ሦስት ናቸው። የደብራችን ቄስ መስቀላቸውን ይዘው፣ ስኳር የምገዛቸው ባለሱቅ ሐጂ ቆባቸውን ደፍተው፣ አንድ የእድራችን አዛውንት ከኋላ። ሁሉም ጋቢ ለብሰዋል፤ ሐጂ እንኳ! ግቡ አልናቸው፤ ገቡ። ተቀመጡ ስንላቸው ግን ግድግዳውን ተጠግተው ቆሙ።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ ቄሱ።

አገሩን የሚያውቅ ሰው ይፍረደኝ። ሦስት ሽማግሌ፣ እሁድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ልጃገረድ ያለችበት ቤት ገብቶ አልቀመጥም ካለ፣ ምን ሊሆን ነው? ባለቤቴ ነጠላዋን አስተካከለች። እኔ ጉሮሮዬን ጠረግኩ። «ከዘመድ ተማክረን መልስ እንሰጣለን» የሚለውን በልቤ እያዘጋጀሁ ሳለ ልጄ ከጓዳ ወጣች። ፊቷ በርበሬ መስሏል።

«እኔ ገና ነው ብዬዋለሁ! ሥራ ሳልይዝ እንዳትልክ ብዬዋለሁ!»

«ማንን?» አልኩ።

ባለቤቴ ኮርኒሱን ማየት ጀመረች። እሷም እንደምታውቅ የገባኝ ያኔ ነው።

ሐጂ ሳቃቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ሊይዙት ሞከሩ፤ አልተያዘም። «አይ ልጄ፣ የአንቺን ገና አልሰማንም። ቢልኩን ግን ደስ ይለናል። ዛሬ የመጣነው ለአባትሽ ብሎግ ነው።»

«ለምኔ?»

«አንድ አንባቢህን ከደጅህ አባረሃል ተብለን ነው» አሉ ቄሱ ኮስተር ብለው። «እኔ ነገሩን በደንብ አላውቀውም፤ ብቻ በር ዘግተህበታል አሉ። ይከፈትለት ልንልህ ነው።»

ልጄ ወደ ጓዳ ሮጠች። እኔ ግን ደሜ ፈላ። «ያ ባለሚኒባስ ነው አይደል? ሰውን ሰድቦ ደግሞ ሽማግሌ ይልካል? አልከፍትም! ብሎጉ ራሱ ዛሬ ይዘጋል፤ ለእሱም ለሌላውም አይኖርም!»

ቄሱ ለመናገር አፋቸውን ሲከፍቱ የውጭው በር ቀደማቸው። «አላልኳችሁም!» የሚል የሴት ድምፅ።

«ቤትዎ ሆነው ይጠብቁ ብለናቸው ነበር» አሉ የእድሩ አዛውንት በሐዘን። «ሽማግሌ የላከ ሰው ተከትሎ አይመጣም። እሳቸው አልችልም አሉ።»

የገቡት ሽሮ ሜዳ ነጠላ የሚሸጡ አንዲት ትልቅ ሴትዮ ናቸው፤ መልካቸውን አውቀዋለሁ። አንድ ዝምተኛ ሽማግሌ በክንዳቸው ይዘው ይጎትታሉ። ሰላም ሳይሉ ጀመሩኝ።

«አንተ! ለዚህች ብለህ ትዘጋለህ? እኔ የሪሞቱን ነገር ገና አልጨረስኩልህም!»

«እርስዎ... እርስዎ ነዎት እንዴ ባለሚኒባሱ?»

«ሚኒባሱ የሱ ነው፤ ሲነዳው የነበረ። ስልኩም የሱ ነው። እሱ ያነባል፣ እኔ እሰድባለሁ፣ እሱ ይጽፋል። እኔ ፊደል የት አውቄ!»

«ፊደል አያውቁም?»

«አንድም።»

«ታዲያ እኔን ፊደል የቆጠርከው ትላንት ነው እንዴ የሚሉኝ?»

«አንተን ማን አለህ!» ብለው ወደ ባላቸው ዞሩ። «ለሱ ነው ያልኩት! አንዲት ቃል ለመጻፍ እስኪመሽ ሲያስጠብቀኝ ተናደድኩና ጮህኩበት። እሱ ደግሞ ጻፈው!»

ሁላችንም ሰውዬውን አየናቸው። እሳቸው ወለሉን አዩ። «ያልኩትን ሁሉ ጻፍ አልሽኝ» አሉ ቀስ ብለው። «ጻፍኩ።»

ሐጂ ይህን ጊዜ ግድግዳውን ትተው ወንበር ላይ ወደቁ። የሽምግልናው ደንብ እዚያ ላይ ፈረሰ።

ሴትዮዋ ግን አልሳቁም። ሰውዬውን ስትሮክ እንደመታቸው፣ ጳውሎስ ሆስፒታል ተኝተው ሲወጡ አፋቸው እንደተመለሰ፣ ቀኝ እጃቸው ግን እንደቀረ ነገሩኝ። ሐኪሞቹ እጁን ያሠራው ብለው የላስቲክ ኳስ ሰጧቸው። «ሕፃን ነኝ እንዴ ብሎ ወረወራት። ማንኪያ አሲዘው ቢሉኝ አይሆንም። ያንተን ጽሑፍ አንብቦልኝ እኔ ስናደድ ግን፣ እንካ ጻፍ ስለው ይጽፋል። በዚያው በደካማው ጣት። መጀመሪያ አንድ ስድብ ግማሽ ቀን ይፈጅበት ነበር፤ አሁን እኮ ይሮጣል ማለት ይቻላል! በሩን ከዘጋህ ወዲህ እጁን ከኪሱ አላወጣም። ሌላ ቦታ ጻፍ አልኩት፤ ሌላው አያናድድሽም አለኝ።»

የሰውዬው ቀኝ እጅ እውነትም ኮት ኪሳቸው ውስጥ ነበር።

ምን ይባላል? እኔ ማስተዛዘን አልችልበትም። «እውነት ነው፣ ፊደል የቆጠርኩት ትላንት ነው» አልኩ። «ፀጉሬ መሸበት ከጀመረ በኋላ ነው የማታ የገባሁት።»

ሴትዮዋ አዩኝ፣ አዩኝና፣ «ትልቅ ሰው ያስገባሉ እንዴ?» አሉ።

«ያስገባሉ።»

«እኔንም?»

ሰውዬው ቀና ብለው ራሳቸውን ግራና ቀኝ በኃይል ነቀነቁ። ራሷ መጻፍ ከጀመረች ሥራ መፍታቴ ነው ያሉ ይመስል ነበር። ሴትዮዋ ይህን ሲያዩ በሳቅ ፈረሱ፤ ከሳቸው ጋር ቤቱ ሁሉ።

ቄሱ እንደምንም ወደ ጉዳዩ መለሱን። በሩ ይከፈት፣ ስለ ፊደል ዳግመኛ አይነሳ፣ በየአምስቱ ስድብ አንዲት ምስጋና ትግባ አሉ። «ውሸት አላጽፍም!» አሉ ሴትዮዋ። ሐጂም ደገፏቸው። «ምስጋናው ይቅር፣ አባ። እኔ ሱቅ ውስጥ ሆኜ የማነበው ስድቡን ነው።» ምስጋናው ተነሣ።

ልጄን ጠራኋት። ዓይኗን ከእኔ እየሸሸች መጣችና ስልኬን ተቀብላ አንድ ሁለት ቦታ ነካ ነካ አደረገች። «ተከፈተ» አለች። ባለቤቴ ዳቦ ቆርሳ ማዞር ጀመረች።

ሰውዬው እጃቸውን ከኪሳቸው አወጡ። ስልኩን በግራቸው ጉልበታቸው ላይ ደግፈው፣ የቀኛቸውን ሌባ ጣት እንደ ከባድ ዕቃ አንሥተው ፊደሉ ላይ አሳረፉ። አነሡ። ሌላ ፊደል ፈለጉ። ዳቦ የጎረሰው ማላመጡን ተወ። እኔ ያን ጣት አውቀዋለሁ። ፊደል አጠገቡ ሆኖ የማይደርስበትን ጣት አውቀዋለሁ።

ስልኬ ጮኸ። «አንብበው!» አሉ ሴትዮዋ።

ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩ፦ «ደጅህ ጭቃ ነው። ልጅህ ግን ጎበዝ ናት፤ አትቆጣት።»

ልጄ ባለቤቴ ጀርባ ተደበቀች። እዚያው ሆና፣ «እና... ከምሳ በኋላ ልዝጋው?» አለችኝ።

«ምኑን ነው የምትዘጊው!» አልኳት። «ነገ ስለ ሌላ ነገር እጽፋለሁ።»

ሴትዮዋ ግን ወደ ባላቸው ዞረው አፍጥጠዋል። «አንተ! እኔ ይህን መቼ ብዬህ ነው?»

የሰውዬው ጣት ገና አልቆመም ነበር።