የተቆረጠው ሱሪ

ልጄ የትምህርት ቤት እረፍቱን ኮምቦልቻ አክስቱ ዘንድ ሊያሳልፍ ነው። ለሙቀቱ ብሎ ጂንሱን ቁምጣ ሊያስደርግ ልብስ ሰፊ ቤት ይዞኝ ሄደ። መቀስ ወፍራም ጨርቅ ሲቆርጥ የሚያሰማው ድምፅ ዛሬም ያው ነው።

በደርግ ጊዜ ደሴ ዘጠነኛ ክፍል ነበርኩ። የመንፈቀ ዓመቱ እረፍት ሲገባ ከክፍል ጓደኛዬ ከእንድሪስ ጋር ኮምቦልቻ ወርደን ቦርከና ልንዋኝ ተቀጣጠርን። በማግስቱ ልብስ ሰፊ የነበረው አባቴ ያለኝን አንድ ረጅም ሱሪ ከጉልበቱ በላይ ቆረጠው። የከሰሉን ካውያ ሲያሳርፍበት የእርጥብ ካኪ ሽታ ቤቱን ሞላው።

"አባ፣ እንድሪስ እየጠበቀኝ ነው እኮ።"

"የትም አትሄድም። ወላሂ፣ አንተ ገና ትንሽ ልጅ ነህ" አለኝ። በቁመት ያኔም እበልጠው ነበር። ቁራጮቹን አጣጥፎ መሳቢያ ውስጥ ከተተ። "ሲያልፍ እንቀጥለዋለን።"

ምኑ እንደሚያልፍ አልገባኝም። ለውትድርና የሚታፈሱት ትምህርት ያቋረጡት ብቻ ይመስሉኝ ነበር። በቁምጣ መታየት አፍሬ እረፍቱን ከቤት ሳልወጣ ጨረስኩት። እንድሪስ ረጅም ሱሪውን ለብሶ ብቻውን ወረደ። ትምህርት ሲከፈት ቦታው ባዶ ነበር። ከኮምቦልቻ መናኸሪያ አፍሰው እንደወሰዱት ሰማን። ከዚያ ወዲህ የሰማነው የለም።

"ቁራጩን ልጣለው?" አለኝ የልጄን ጂንስ የቆረጠው ልብስ ሰፊ።

"አይ፣ ስጠኝ።"

"ምን ያደርግልሃል?" ብሎ ልጄ ሳቀ። አጣጥፌ ኪሴ ከተትኩት።