መጠይቅ ቁጥር አሥራ ዘጠኝ

ተማሪዎቼ «እትዬ ለምን» ይሏት ነበር። አርባ አራት ዓመቷ ነው፤ ሥራዋ የአረጋውያን መጦሪያ ማኅበራዊ ሠራተኛ። ቅዳሜ ከሰዓት ከሰዓት፣ ልጅ ሊሆኗት ከሚችሉ ተማሪዎች ጋር ተቀምጣ ለሁለተኛ ዲግሪ ትማራለች። እኔ ስታቲስቲክስ አስተምራለሁ፤ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ያው ትምህርት፣ ያው ቀልድ። ሌሎቹ «ይህን በዚህ አካፍሉ» ስላቸው ያካፍላሉ። እሷ እጇን ታወጣለች፦ «ለምን?» መጀመሪያ ላይ ጥርሴን ነክሼ እመልስላት ነበር። በኋላ ግን ሳትጠይቅ ስትቀር ክፍሉ ጭር ይልብኝ ጀመር።

ቲ-ቴስት የሚባለውን ስሌት ያስተማርኩበት ቀን ትዝ ይለኛል። «አንድን ሰው ሁለት ጊዜ ትጠይቂዋለሽ፤ ከሥራሽ በፊት አንዴ፣ ከሥራሽ በኋላ አንዴ» አልኳት። «ቴስቱ የሚነግርሽ፣ ያገኘሽው ልዩነት እንዲያው በአጋጣሚ ሊመጣ ይችል እንደሆነ ነው።»

«ሰውየው ከተሻለው ተሻለው ነው እንጂ ጋሼ! አጋጣሚ ምን ቤት ነው?»

ክፍሉ በሳቅ ሞተ። እኔም ሳቅሁ።

ጥናቷን እዚያው በምትሠራበት መጦሪያ አደረገችው። ሠላሳ ሁለት አረጋውያን መረጠችና ለእያንዳንዳቸው በሳምንት ሁለቴ አጠገባቸው ቁጭ ብሎ የሚያጫውታቸው በጎ ፈቃደኛ መደበች። ብቸኝነታቸው ይቀንስ እንደሆነ፣ እያንዳንዱ እስከ አራት ነጥብ በሚያሰጥ ሃያ ጥያቄ ትለካለች፤ ከሦስት ወር በኋላ ያንኑ ደግማ ትጠይቃለች። ነጥቡ ከፍ ካለ ብቸኝነቱ ከፍቷል ማለት ነው። የመጦሪያው ኃላፊ ደግሞ ቁርጡን ነግሯታል፦ «ማስረጃ ካመጣሽ የበጎ ፈቃደኞቹ ጥየቃ ቋሚ ይሆናል፤ ካላመጣሽ ይቆማል።» እሷም ከዲግሪው ይልቅ ያቺን ማስረጃ ነበር የምትሻው።

ከሠላሳ ሁለቱ አንዱ አባቷ ነበር። ይህን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። እናቷ ከሞተች በኋላ ቤት ብቻውን መዋል ስላልቻለ እዚያ አስገባችው። «ለአባቷ አዳላች» እንዳትባል ግን ምንም የተለየ ነገር አታደርግለትም። ጠዋት ጠዋት ጋዋኗን ለብሳ በየአልጋው ስትዞር «አባባ፣ እንዴት አደሩ?» ትለዋለች፤ ይመልስላታል፤ ወደሚቀጥለው አልጋ ታልፋለች። ዘመድ ዘመዱን አይጠይቅም ብዬ ያስተማርኩት እኔ ነኝና የእሱን መጠይቅ ባልደረባዋ ሞላችው። ቅጹ ላይ ቁጥር እንጂ ስም የለም፤ እሱ አሥራ ዘጠኝ ነበር። ወደ ኮምፒውተር ስታስገቡ ደግሞ ከጀርባ የተጻፈውን አስተያየት ተዉት፣ ቁጥሩ ይበቃል ብዬ ለተማሪዎቼ ነግሬያቸዋለሁ። ምነው ያኔ ምላሴን በቆረጠው!

ሁለተኛው ዙር ሊጀመር ዘጠኝ ቀን ሲቀረው አባቷ ሞተ። በሳምንቱ ክፍል መጣች። ያን ቀን ምንም አልጠየቀችም።

ከወር በኋላ ኮምፒውተሯን ታቅፋ ቢሮዬ ገባች። «ጋሼ፣ ተሳካ!» የቴስቱ ውጤት፣ ፒ ቫሊዩው፣ ዜሮ ነጥብ ዜሮ አራት ይላል። ከዜሮ ነጥብ ዜሮ አምስት ከወረደ፣ በእኛ ሙያ ወግ መሠረት ልዩነቱን አጋጣሚ ነው ብሎ ማለፍ ያስቸግራል። ደስ አለኝ። ግን የቆየ አመል አለብኝ፤ ውጤቱን ከማመኔ በፊት ዝርዝሩን አንድ በአንድ አያለሁ። አብዛኛው በሁለት፣ በሦስት ነጥብ ወርዷል፤ አንዳንዱ ጭራሽ ብሶበታል። አሥራ ዘጠኝ ግን ከሰባ ሁለት ወደ ሃምሳ ስምንት። ከሁሉም የበለጠ የተሻለው እሱ ነው።

«የዚህን ሰው ወረቀቶች እስቲ አሳዪኝ» አልኳት።

ሁለቱን ቅጾች ከቦርሳዋ አውጥታ ሰጠችኝ። የሁለተኛው የእጅ ጽሕፈት የራሷ ነው።

«ይህን የጠየቅሽው አንቺ ነሽ?»

«አልጠየቅሁትም። አባቴ ነው ጋሼ፤ ከዙሩ በፊት ሞተ።» ጠረጴዛዬ ላይ አቀረቀረች። «ትንሽ ብቻ ነው ያሻሻልኩለት። ሌሎቹ እየተሻላቸው እሱ ብቻ ሰባ ሁለት ላይ እንዲቀር አልፈለግሁም።»

ልቆጣ አስቤ ነበር፤ አልቻልኩም። ቀስ ብዬ ደንቡን ነገርኳት። ይህ ቴስት ከእያንዳንዱ ሰው ሁለት መልስ ይፈልጋል፤ ሁለተኛው ከሌለ ሰውየው ከነመጀመሪያ መልሱ ይወጣል።

«ለምን?» አለች።

ስንት ዓመት የመለስኩት ጥያቄ ነው። ያን ቀን ግን ዓይኗን ላለማየት የመጀመሪያውን ቅጽ አነሳሁና ገለበጥኩት። ከጀርባው፣ «ቤተሰብ ይጠይቅዎታል?» ከሚለው ሥር፣ ባልደረባዋ የነገራትን ቃል በቃል አስፍራዋለች፦ «ሠራተኛዋ በየቀኑ ትመጣለች። ልጄ ግን አትመጣም።»

መልሼ ልገለብጠው ስል እጄን ያዘችኝ። አነበበችው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ አራት ወር ያህል በገዛ ቦርሳዋ ይዛው ስትዞር ነበር። «በየቀኑ እንዴት አደሩ እለው ነበር እኮ» አለችና አለቀሰች። ውሃ ቀድቼ ሰጠኋት።

ፊቷን ጠርጋ አሥራ ዘጠነኛውን መስመር ራሷ አጠፋችው። ቴስቱን ደግማ ሠራች፤ ዜሮ ነጥብ ዜሮ ስምንት። «ለውጥ አለ ለማለት በቂ ማስረጃ አልተገኘም» ብላ ጻፈች። ማስረጃ አልተገኘም ማለት ለውጥ የለም ማለት አይደለም ብዬ ለኃላፊው በራሴ እጅ ደብዳቤ ጻፍኩለት። ያነበበው አይመስለኝም። ጥየቃው በወሩ ቆመ፤ የሠላሳ አንድ ሰው ወሬና ሳቅ ውሃ በላው። እስከ ዛሬ ያበሳጨኛል።

ጥናቷን ባቀረበች ቀን ፈታኙ ሰንጠረዡን አገላብጦ፣ «በሠላሳ ሁለት ጀምረሽ በሠላሳ አንድ ጨረስሽ። አንዱስ?» አላት።

«ከሁለተኛው ዙር በፊት አረፉ።»

«ጠያቂ ቤተሰብ ነበራቸው?»



«አንዲት ልጅ ነበረቻቸው» አለች። «አትጠይቃቸውም ነበር።»

ፈታኙ አንገቱን ነቅንቆ ማስታወሻው ላይ ጻፈው።