እማዬ በሐሳቧ እንጦጦ ስትወጣ

ዛሬ እማዬ ቀዶ ጥገና ክፍል በር ላይ፣ በጀርባዋ እንደተኛች ዳገት ወጣች።

የሐሞት ጠጠር ልታስወጣ ነው። ፈርታ እጄን አልለቅም አለች።

ነርሷ፣ "እማማ፣ ዓይንዎን ይጨፍኑና በቀስታ ይተንፍሱ። የሚወዱትን ቦታ ያስቡ። ረጋ ብለው ሲገቡ ለማገገምም ይረዳዎታል" አለቻት።

እማዬ እንጦጦ ማርያምን መረጠች። ወዲያው ቁና ቁና መተንፈስ ጀመረች።

"ምነው እማማ?"

"ዳገቱ ነዋ ልጄ!"

ነርሷ በሳቅ ፍርስ አለች። "እንግዲያው በታክሲ ይውጡ!"

እማዬ ተሳፈረች መሰለኝ፣ ትንፋሿ ረጋ፤ እጄንም ለቀቀችው። (ዳገቱን ውጭ የቀረሁት እኔ ወረስኩት።)

ተመስገን፣ በሰላም አለቀ። ከማደንዘዣው ስትነቃ፣ ገና ዓይኗን ሳትገልጥ ምን ብትል ጥሩ ነው?

"ወራጅ አለ!"

የእናንተስ ሰው ከማደንዘዣ ሲነቃ የት ወረደ?