አንድ ቀን ወደ ኋላ የቀረሁበት ሳምንት

ዓመቱን በልኩ አላስታውሰውም። ቀን የጠፋበትን ሰው ዓመት አስታውስ ማለትም ግፍ ነው። ንጉሡ ገና አንኮበር ይቀመጡ እንደነበር ግን አውቃለሁ።

የማር ቤት አሽከር ነበርኩ። ዋናው ማር ቤት አንኮበር ጋራው ላይ ነው። እኔን ግን ታች አሊዩ አምባ፣ የቆላውን ማር እየተቀበልኩ በየማክሰኞው በበቅሎ ወደ ላይ እንዳወጣ ብቻዬን አስቀመጡኝ።

ደስ ይል ነበር! አንኮበር ብርዱ አጥንት ይገባል፤ አለቃዬ ባለፉ ቁጥርም ሸማ ማደግደግ ነው፣ እጅ መንሳት ነው። ታች ሙቀት ነው፤ ሸማዬን እንዳሻኝ ጣል አድርጌ ማር እቀምሳለሁ። መቅመስ ሥራዬ ነበረ፤ አበዛሁት እንጂ። ክፉ ጎኑም አልጠፋም። ግብር ሲበላ እኔ እስክደርስ የሚተርፈው አጥንት ነው። ሹመት ሲታደል ስሜን የሚያነሣ የለም፤ "ያ የቆላው" ነበር የምባለው። ከሁሉ የከፋው ግን ደወል አለመኖሩ ነው። በአቅራቢያዬ ቤተ ክርስቲያን ስለሌለ ቀኔን የምቆጥረው በገበያው ነበር፤ ገበያ ከቆመ ዓርብ ነው፣ እጾማለሁ፣ አበቃ።

አንድ ሐምሌ ንዳድ ያዘኝና ስቃዥ ሰነበትኩ። ዓይኔን ስገልጥ ገበያው ይንጫጫል። "ዓርብ ነው" አልኩና ውሃ ሳልቀምስ ዋልኩ። ለካ ወንዙ ሞልቶ ነጋዴውን ስላገደው ገበያው የዋለው ቅዳሜ ኖሯል!

ከዚያ የራሴን ማክሰኞ ቆጥሬ ማሬን ጫንኩ። እስላም ጎረቤቴ፣ አሮጊቷ ማር ሻጭ፣ ልጃቸውን ሊጠይቁ አብረውኝ ወጡ። ማር ቤቱ በር ላይ ስንደርስ ስንቄን ፈታሁ፤ በቅቤ የራሰ የቋንጣ ፍትፍት። ሁለቴ እንደጎረስኩ አለቃዬ ከቅዳሴ ሲመለሱ አየኋቸውና ብድግ ብዬ፣ አፌ እንደሞላ፣ "እንብላ ጌታዬ!" አልኩ።

ስንቄን አዩት፤ እኔን አዩኝ።

"ዛሬ ምን ቀን ነው?"

"ማክሰኞ ነዋ፣ ጌታዬ።"

"ማክሰኞማ ትናንት እዚህ ነበረ፤ አንተን ሲጠብቅ ውሎ ሄደ።"

የጎረስኩትን በእጄ ተፋሁት።

"ቆላ ሃይማኖትህን አስረሳህ። ከእንግዲህ ወደዚያ መመለስ የለም፤ እዚሁ ደጄ ላይ፣ በዓይኔ ሥር ትቆማለህ!"

ብርዱ ያን ጊዜውኑ ተሰማኝ። ማን ያማልደኛል? ይሄኔ አሮጊቷ ከበቅሎዋ ኋላ ብቅ አሉ።

"ጌታው፣ በአላህ ይዤዎታለሁ፣ ይስሙኝ። ይህ ልጅ በንዳድ ሲቃጠል ጁምዓ ሳያውቀው አለፈ። ቅዳሜ የቆመውን ገበያ የጁምዓው መስሎት ጾመ። ወላሂ፣ አጥሚት ባመጣለት አልቀምስም አለኝ! ስለት ያለበት መስሎኝ ተውኩት፤ ነገሩ አሁን ነው የገባኝ።"

"ታሞ? ቅዳሜን?" አለቃዬ ፊታቸውን በሸማቸው ሸፈኑ። የተቆጡ መስሎኝ ነበር፤ ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ነው ሳቅ መሆኑ የገባኝ። "በማይጾመው ጾሞ በሚጾመው በላ! አንተን የንስሓ አባትህ ይቻሉህ እንጂ እኔስ አቃተኝ። ይሁን፣ ተመለስ። ግን ቀኑን ማን ይነግርሃል?"

"እኔ አለሁ" አሉ አሮጊቷ።

እንዳሉትም አደረጉ። በየማለዳው በሬን በምርኩዛቸው ቆርቆር እያደረጉ፣ "አንተ ልጅ፣ ዛሬ ረቡዕ ነው፤ ቋንጣህን ከፍ አድርገህ ስቀል!" ይሉኝ ነበር። ጾሜን ያስጠበቁኝ፣ እንጀራዬንም ያተረፉልኝ እሳቸው ናቸው፣ የአሊዩ አምባዋ ማር ሻጭ።